ባለ ቁንጮዋ ጎረቤታችን

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ለወላጆችና ለወጣቶች የቀረበ ንግግር፣ ዓፉላ)



ዛሬ እዚህ የቆምነው ስለ አንዲት ወፍ ልንነግራችሁ ነው። አዎ፣ ስለ ወፍ። አምና ስለ ባግሩት ፈተናና ስለ ውትድርና ተነጋግረን፣ ዘንድሮ ወፍን ምን አመጣው እንደምትሉ እናውቃለን። ትንሽ ታገሱን። ነገሩ የተጀመረው እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ ከዚህ አዳራሽ ጀርባ ባለው አሮጌ ግድግዳ ላይ ነው። ሲያልቅ ደግሞ ወደየቤታችን ይመለሳል።

ፑሪም ካለፈ ከሳምንት በኋላ ነበር። እንደ ልማዳችን ትንንሾቹን ልጆች የቤት ሥራ እያገዝን ሳለን ከእኛ አንዱ ለጨዋታ ያህል “ራሱ ላይ ቁንጮ ያለው ወፍ የሚያውቅ ማን ነው?” ብሎ ጠየቀ። ልጆቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ “ፔንጉዊን!” አሉ። እውነት አላቸው። በደቡብ ውቅያኖስ ደሴቶች ላይ የሚኖሩ፣ ከቅንድባቸው በላይ ቢጫ ቁንጮ ያላቸው የፔንጉዊን ዓይነቶች አሉ፤ ልጆቹም በካርቱን ፊልም አይተዋቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ ማካሮኒ የሚባለው ፔንጉዊን ሁለት እንቁላል ይጥልና አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳድገው አንድ ጫጩት ብቻ ነው፤ መጀመሪያ የሚጣለው ትንሹ እንቁላል ይጠፋል። ይህን ስንነግራቸው አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ በመስኮት እያየች “እዚያ ያለውስ? እሱም ቁንጮ አለው እኮ” አለችን።

ዘወር ብለን አየን። ሣሩ ላይ አንዲት ወፍ ወዲያ ወዲህ እየተራመደች ምድሩን በምንቃሯ ትወጋለች። ሁላችንም በዕብራይስጥ ስሟን እናውቃለን፤ ዱኺፋት። ግን እናስተውል ከተባለ ከመካከላችን ቆሞ አይቷት የሚያውቅ አልነበረም። በዓለም ዳርቻ ያለውን ፔንጉዊን እናውቃለን፤ በራችን ላይ ያለችውን ግን አናይም። ነገሩ ትንሽ አሳፈረንና መከታተል ጀመርን።

እንግዲህ መልኳን እንንገራችሁ። ከምንቃሯ እስከ ጅራቷ ጫፍ ከ25 እስከ 32 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች፤ ክብደቷ ከ46 እስከ 89 ግራም ነው፤ በሌላ አነጋገር ከአንድ የዶሮ እንቁላል ብዙም አትበልጥም። ራሷ፣ አንገቷና ደረቷ እንደ ቀረፋ ዓይነት ቡናማ ሆኖ ወደ ሮዝ ያደላል። ክንፎቿና ጅራቷ ግን ጥቁርና ነጭ ጥለት ናቸው። ስትበር ክንፎቿ ሰፊና ጫፋቸው ክብ ስለሆነ እንደ ትልቅ ቢራቢሮ ከፍ ዝቅ እያለች ነው የምትሄደው። ምንቃሯ ረጅም፣ ቀጭን፣ ወደ ታች ጎበጥ ያለ ነው። ወንዱና ሴቷ ይመሳሰላሉ፤ ሴቷ ትንሽ አነስ ትላለች፣ ቀለሟም ደብዘዝ ይላል።

ቁንጮዋ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወደ ኋላ ተኝቶ ነው የሚታየው፤ በዚያን ጊዜ ራሷ መዶሻ ይመስላል። ስታርፍ ወይም ስትደነግጥ ወይም ስትደሰት ብድግ ይልና እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል። ብርቱካንማ ሆኖ የእያንዳንዱ ላባ ጫፍ ጥቁር ነው። ያን ጊዜ እውነትም ንግሥት ትመስላለች።

ድምፅዋን ሳትሰሙት አትቀሩም። ዝቅ ያለና የተመጠነ “ኡፕ፣ ኡፕ፣ ኡፕ” የሚል ነው፤ የሳይንስ ስሟ “ኡፑፓ ኤፖፕስ” የሆነውም ከዚሁ ድምፅ የተነሣ ነው። በላቲንም በግሪክም በድምፅዋ ነው የጠሯት።

የምትወደው ቦታ ሁለት ነገር ሊኖረው ይገባል። አንደኛው ሣሩ አጭር የሆነ ወይም ጭራሽ የተራቆተ መሬት ነው፤ ምግቧን የምታገኘው በእግሯ እየሄደች ስለሆነ ረጅም ሣር አይመቻትም። ሁለተኛው ቀዳዳ ነው፤ የዛፍ ጉድጓድ፣ የገደል ስንጥቅ፣ የግድግዳ ሽንቁር። ዓፉላን አስቡት። በኢዝራኤል ሸለቆ መካከል ናት፤ ዙሪያዋ እርሻ ነው፤ በከተማው ውስጥ ውሃ የሚጠጣ ሣር አለ፤ አሮጌ ግንብና አሮጌ ዛፍም አለ። ከጊቭዓት ሃሞሬ እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ለዱኺፋት የሚሆን ቦታ አይጠፋም።

አበላሏም ደስ ይላል። ምንቃሯን አፈር ውስጥ ታስገባለች። የራሷ ጡንቻ ጠንካራ ስለሆነ አፈር ውስጥ እንዳለ ምንቃሯን መክፈት ትችላለች። የጥንዚዛ እጭ፣ አፈር የሚቆፍር ፌንጣ፣ ትልና አባጨጓሬ ታወጣለች። ትልቅ ነፍሳት ሲሆን መሬት ላይ እየደበደበች እግሩንና ክንፉን ታራግፋለች። ምላሷ አጭር ስለሆነ የያዘችውን ወደ ላይ ወርወር አድርጋ በአፏ ተቀብላ ትውጠዋለች። የምትበላቸው ነፍሳት አብዛኞቹ አትክልትና ዛፍ የሚያጠፉ ናቸውና ገበሬ ቢያውቅባት ያለ ደመወዝ የምትሠራ ሠራተኛ ናት።

አሁን ስለ ስሟ እናውራ። በዕብራይስጥ ዱኺፋት ካልን፣ በአማርኛስ? ከእኛ ከወጣቶቹ አንድም የሚያውቅ አልተገኘም። ቤት ሄደን ጠየቅን። ብዙዎቹ ወላጆቻችን “ወፍ ናት እንጂ፤ እንዲህ ዓይነት በአገር ቤትም አለች” አሉን። አንዲት አያት ግን ሥዕሏን በስልክ ስናሳያቸው ሳቅ አሉና “ይቺማ ባለ ቁንጮዋ ናት” አሉ። ቀጥለውም በልጅነታቸው በሰሜን ጎንደር ከብት በሚጠብቁበት ሜዳ ላይ፣ ፋንድያ እየገለበጠች ትል ስትለቅም ያይዋት እንደነበር ነገሩን። የልጅ ራስ ተላጭቶ በመካከሉ ጸጉር ሲተውለት ቁንጮ ይባል እንደነበርም ያን ዕለት ነው የሰማነው። በአማርኛ በታተመው ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ቁጥር 19 ላይ ደግሞ “ጅንጁላቴ” ተብላ እናገኛታለን፤ ከማይበሉት ወፎች ተቆጥራለች። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ላይም አለች። ስለዚህ ከእንግዲህ ልጆቻችን ሲጠይቋችሁ ሦስት ስም አላችሁ፤ ዱኺፋት፣ ጅንጁላቴ፣ ባለ ቁንጮዋ።

እንዳትበላ የተከለከለች ወፍ የአገር ምልክት ሆነች ቢባል ማን ያምናል? ግን ሆናለች። እስራኤል 60ኛ ዓመቷን ስታከብር፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ሕዝቡ ብሔራዊ ወፍ እንዲመርጥ ተጠየቀ። ከ150 ሺህ በላይ ሰው ድምፅ ሰጠ፤ ብዙ ተወዳዳሪ ወፎችም ነበሩ። ያሸነፈችው ዱኺፋት ናት፤ ውጤቱንም ያበሰሩት በጊዜው ፕሬዝዳንት የነበሩት ሺሞን ፔሬስ ናቸው። ከዚያም በኋላ በ2014 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሠሯት ትንሽ ሳተላይት ወደ ጠፈር ስትላክ ስሟ “ዱኺፋት 1” ተባለ። ትንንሾቹ ልጆች ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው እንዴት እንደበራ ብታዩ! ተማሪዎች ናቸው እኮ የሠሯት፤ እንደ እናንተው ያሉ።

የአባቶች ታሪክም አላት። በታልሙድ፣ ቤተ መቅደሱ ያለ ብረት መሣሪያ ሲሠራ ድንጋይ የሚሰነጥቀውን ሻሚርን ያመጣች ዱኺፋት ናት ይባላል። የእስልምናው ቁርኣን ደግሞ የሳባን ንግሥት ወሬ ለንጉሥ ሰሎሞን ያመጣው ይህ ወፍ እንደሆነ ይተርካል። በኢትዮጵያው ክብረ ነገሥት ግን ወሬውን የሚያመላልሰው ወፍ ሳይሆን ታምሪን የሚባል ነጋዴ ነው። እኛ ስናነበው ገረመን። አንዱ ሕዝብ ነጋዴ ይላል፣ ሌላው ወፍ ይላል፤ ሁለቱም ግን በኢየሩሳሌምና በደቡቡ አገር መካከል የሚመላለስ አንድ መልእክተኛ ፈልገዋል።

ወፏም በእርግጥ ትመላለሳለች። ከዱኺፋቶች አንዳንዶቹ ዓመቱን ሙሉ እዚህ እስራኤል ይቆያሉ። ሌሎቹ ከአውሮፓና ከእስያ ተነሥተው ክረምቱን ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ያሳልፋሉ፤ ኢትዮጵያም ከማረፊያዎቻቸው አንዷ ናት። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ከዚያው የማይሄዱ፣ እዚያው የሚራቡ አሉ። ረጅሙን ጉዞ የሚያደርጉት በአብዛኛው በሌሊት ነው። በ1921 ወደ ኤቨረስት ተራራ የሄዱት የመጀመሪያዎቹ ተጓዦች በ6,400 ሜትር ከፍታ ላይ አይተዋታል፤ ይህም ከራስ ዳሸን ጫፍ ወደ ሁለት ሺህ ሜትር ያህል ይበልጣል። ወላጆቻችን ልጆች ሳሉ ሽመላ በሰማይ ሲያልፍ ስለ ኢየሩሳሌም ይዘምሩለት እንደነበር ሁላችንም በሲግድ በዓል ሰምተናል። ሽመላው በከፍታ ያልፋል፤ ሁሉ ሰው ያየዋል። ይህችኛዋ ግን በሌሊት፣ ማንም ሳያያት እዚያው መንገድ ላይ ናት።

አሁን ወደ ግድግዳው እንመለስ።

ወፏ ምግብ በአፏ ይዛ በተደጋጋሚ ወደ ሕንፃው ጀርባ ስትሄድ አየን። ተከተልናት። ከመሬት ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ልስኑ የረገፈ ቦታ አለ፤ እዚያ በድንጋዮቹ መካከል እጅ የማታስገባ ጠባብ ሽንቁር አለች። ምግብ የያዘው መጣ፣ ቀዳዳው ላይ ተንጠለጠለ፣ ከውስጥ ሌላ ምንቃር ወጣና ተቀበለው። ባልና ሚስት ናቸው። እሷ ውስጥ ናት፣ እሱ ይመግባታል።

ሴቷ እንቁላል የምትጥለው በቀን አንድ እየሆነ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአምስት እስከ ስምንት ይደርሳል፣ አንዳንዴም ከዚያ ይበልጣል። እንቁላሉ ሲጣል ፈዛዛ ሰማያዊ ነው። ብቻዋን ትታቀፋለች፤ ከ15 እስከ 18 ቀን ይወስዳል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ወንዱ እየተመላለሰ ይመግባታል። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላም በመጀመሪያዎቹ ቀናት እሷ እነሱን እያሞቀች ትቆያለች፣ እሱ ለሁሉም ያመጣል። ኋላ ሁለቱም ይሠራሉ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው የመጣው። የፋሲካ ጽዳት ደርሶ ግቢው ሊታደስ ገንዘብ ተዋጥቷል፤ ቀለም ቀቢም ተቀጥሯል። የጀርባው ግድግዳ እሑድ ዕለት በሲሚንቶ ሊደፈን፣ ከዚያም ሊቀባ ነው። በዚያው ሰሞን ከግድግዳው አጠገብ የሚቀመጡ አንዲት እናት “ከዚያ ቀዳዳ መጥፎ ሽታ ይወጣል፤ አይጥ ሞቶበታል፤ ቶሎ ይደፈን” አሉ። እውነታቸውን ነው። ሄደን አሸተትነው፤ የበሰበሰ ሥጋ ይሸታል።

እኛም መጀመሪያ ደነገጥን። ወፏ ሞታ ይሆን? ከዚያ ማንበብ ጀመርን፤ ያነበብነውም ይኸው ነው። ሴቷ ስትታቀፍ ከጅራቷ ሥር ያለው የቅባት ዕጢ ይለወጥና ጥቁር፣ እጅግ የሚሸት ፈሳሽ ያወጣል። በሌላ ጊዜ ይህ የለም። ይህን ፈሳሽ በላባዋና በእንቁላሎቿ ላይ ትቀባዋለች፤ ሰማያዊ የነበረው እንቁላል ቡናማ ይሆናል። ስፔን ውስጥ ግራናዳ ላይ ያሉ ተመራማሪዎች ፈሳሹን መርምረው በውስጡ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች እንዳሉ አገኙ። እነዚህ ባክቴሪያዎች ሌሎች ጎጂ ጀርሞችን የሚገድል ነገር ያመርታሉ። የእንቁላሉ ቅርፊት ደግሞ ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉት፤ ፈሳሹ በእነሱ ውስጥ ይከማችና ቅርፊቱን ይጠብቃል። ሽታውም ጠላትን ያርቃል። በአጭሩ፣ ይሸታል የተባለው ነገር እናቲቱ ለልጆቿ የቀባችው መድኃኒት ነው። ጫጩቶቹም ይህንኑ ፈሳሽ ያወጣሉ፤ ከጎጆው ሊወጡ ሲቃረቡ ያቆማል።

ጫጩቶቹም ቀላል አይደሉም። ከተፈለፈሉ ስድስት ቀን ሲሆናቸው ወደ ቀዳዳው የመጣውን ጠላት ኩስ ይረጩበታል፤ እንደ እባብ ይነፋሉ፤ በምንቃራቸውም ይወጋሉ። ስለዚህ እጃችሁን ማስገባት የምታስቡ ልጆች ካላችሁ፣ እኛ አናድናችሁም።

ዓርብ ዕለት ትንሽ ስብሰባ ሆነ። እውነቱን ለመናገር በእኛ በወጣቶቹም መካከል አንድ ሐሳብ አልነበረም። አንዳንዶቻችን “ወፍ ናት፣ ሌላ ቀዳዳ ትፈልግ” አልን። ሌሎቻችን ደግሞ “እንቁላሉንስ ይዛ ትሄዳለች?” አልን። ከአባቶች አንዱ “ልጆች፣ ሰው ከኪሱ አውጥቶ ያዋጣው ገንዘብ ነው፤ ቀለም ቀቢው ደግሞ ሁለት ጊዜ አይመጣም” አሉን። ትክክለኛ ነገር ነው፤ መልስ አልነበረንም። የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ ከ1955 ጀምሮ እንዳለና ጎጆ ማፍረስ እንደማይፈቀድ ተናገርን። ሕግ ስንጠቅስ ግን ሰው ዝም አለ እንጂ ልቡ አልመጣም።

ያኔ ሥዕሉን ያሳየናቸው አያት ተነሡ። በስብሰባ ላይ ሲናገሩ ሰምተናቸው አናውቅም። “ይቺ ወፍ አራስ ናት” አሉ። “ባሏ ውጭ ሆኖ ያመጣላታል፣ እሷ ከውስጥ ትቀበላለች። እኛስ በአገራችን በአራስ ጎጆ ሳለን እንዲሁ አልነበርንም? ለወንድ 40 ቀን፣ ለሴት 80 ቀን። ምግባችን ከውጭ ነው የሚመጣልን፤ ማንም አይገባብን። የአራስ ቤት በላይዋ ላይ ተዘግቶ ያውቃል?”

ማንም አልመለሰም። ሽታው ያስቸገራቸው እናት ራሳቸው “እኔ አራስ መሆኗን መች አወቅሁ” አሉ።

እኛ ወጣቶቹ ግን ሌላ ነገር ነው ያስደነገጠን። ስለ አራስ ጎጆ አብዛኞቻችን ሰምተን አናውቅም ነበር። እዚሁ አገር ተወልደን፣ ዕብራይስጡን አቀላጥፈን፣ ባግሩት አልፈን፣ እናቶቻችን ወይም አያቶቻችን የት እንደተወለዱ እንኳን አልጠየቅንም። እነሱም አልነገሩንም። ለምን አልነገራችሁንም ስንላቸው ከእናቶች አንዷ “ትሥቁብናላችሁ ብለን ነዋ” አሉን።

ሽታ የሚለው ነገርም ለእኛ አዲስ አይደለም። ከመካከላችን የአንዷ ጎረቤት በሩን አንኳክቶ “ደረጃው ሁሉ የእናንተ ወጥ ይሸታል” ብሎ ስለተናገረ እናቷ መስኮቱን ሁሉ ዘግተው በሙቀት ነው የሚያበስሉት። እኛም ትምህርት ቤት ስንሄድ ቅመም እንዳይሸተን ልብሳችንን ከኩሽና አርቀን የሰቀልንበት ጊዜ አለ። ያ ሰው ወጡ ምን እንደሆነ ቢጠይቅ ኖሮ ምናልባት አንድ ጉርሻ ይቀምስ ነበር። እኛም ስለ ቀዳዳው መጀመሪያ ያደረግነው እንደሱ ነው፤ ሳንጠይቅ ይደፈን አልን።

በመጨረሻ ስምምነት ላይ ተደረሰ። ቀለም ቀቢው ሦስቱን ግድግዳ ይቀባል፤ ከጀርባው ሁለት ሜትር ያህል ሳይነካ ይቀራል። የቀረውን ወፎቹ ሲወጡ እኛ ወጣቶቹ እንቀባዋለን። የእናቶች መቀመጫ አግዳሚ ወደ ዛፉ ጥላ ይዛወራል። ልጆች ከቀዳዳው ርቀው ይቀመጣሉ፣ ማንም መሰላል አያቆምም።

ከዚያ በኋላ ያለው የመጠበቅ ጊዜ ነው። ልጆቹ ደብተር አዘጋጁ፤ ማን መጣ፣ ምን ይዞ መጣ፣ ስንት ጊዜ። ከፋሲካ ጥቂት ቀን ቀድሞ የጫጩት ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ወላጆቹ ከንጋት እስከ ምሽት ዕረፍት የላቸውም። በአራተኛው ሳምንት ምንቃሮች በቀዳዳው ብቅ ማለት ጀመሩ። ልጆቹ ደጋግመው ቆጥረው አምስት አሉ። ከላግ ባዖመር በፊት በሦስት ቀን ውስጥ አንድ በአንድ ወጡ፤ ቁንጮአቸው ገና አጭር፣ ምንቃራቸውም ገና ያልረዘመ። የወጡት አራት ናቸው።

ያቺ የሁለተኛ ክፍል ልጅ “አምስተኛውስ?” አለችን። ልንዋሻት አልፈለግንም። እናቲቱ መታቀፍ የምትጀምረው ሁሉንም እንቁላል ጥላ ሳትጨርስ ስለሆነ ጫጩቶቹ በተለያየ ቀን ነው የሚፈለፈሉት። የበኩሩ ሲጠነክር የመጨረሻው ገና ትንሽ ነው፤ ምግብ ሲያንስ የሚጎዳው እሱ ነው። ነገርናት። አለቀሰች። ከዚያ ደብተሩን አምጥታ “አምስት ተፈለፈሉ፣ አራት በረሩ” ብላ ጻፈች። ደብተሩ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ስትወጡ ተመልከቱት።

ወፎቹ ለአንድ ሳምንት ያህል ከወላጆቻቸው ጋር በሣሩ ላይ ሲለቅሙ አየናቸው፤ ከዚያ ተበታተኑ። እኛም ቃላችንን ጠብቀን ግድግዳውን ቀባን። ቀለሙ ትንሽ ተንሻፏል፤ ከጀርባ ዞራችሁ ካያችሁት የቀለም ቀቢው ጥፋት አይደለም፣ የእኛ ነው። ቀዳዳዋን ግን አልደፈንናትም። አባቶች ራሳቸው ናቸው “ተዉአት፣ በሚቀጥለው ዓመት ትመጣ ይሆናል” ያሉት።

ንግግራችንን ከመጨረሳችን በፊት ሦስት ነገር እንለምናችኋለን።

አንደኛ፣ ከፑሪም እስከ ሻቩዖት ባለው ጊዜ ቀዳዳ ከመድፈናችሁ፣ አሮጌ ዛፍም ከመቁረጣችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። ምግብ ይዞ የሚገባ ካለ ሁለት ወር ታገሱ። ይህች ወፍ ቀዳዳ ራሷ አትፈለፍልም፤ ያገኘችውን ነው የምትጠቀመው። አሁን ደግሞ ተቀናቃኝ በዝቶባታል። ከውጭ የመጡት አረንጓዴ በቀቀኖችና ማይና የሚባለው ወፍ በአገሪቱ ተስፋፍተው ቀዳዳዎቹን እየቀሟት ነው። ቀዳዳ ከሌለ ሳጥን መስቀል ይቻላል። በስዊዘርላንድ የቫሌ ሸለቆ በመቶ የሚቆጠሩ የእንጨት ሳጥኖች ተሰቅለውላት ቁጥሯ ከፍ ብሏል። ለጉጉት ደግሞ እዚሁ ቅርባችን፣ በቤት ሽዓን ሸለቆ በስዴ ኤሊያሁ ኪቡጽ ከ1983 ጀምሮ ሳጥን እየተሰቀለ አይጥን ያለ መርዝ መቀነስ ተችሏል። የእኛም ወጣቶች በመጪው ክረምት ሦስት ሳጥን ሊሠሩ ተነሥተዋል፤ አናጢነት የምታውቁ አባቶች ብታግዙን ደስ ይለናል። ምስማር አመታታችንን አይታችኋልና።

ሁለተኛ፣ በአትክልታችሁ መርዝ ስትረጩ አስቡ። ነፍሳቱ ሲሞቱ የምትበላው ታጣለች፤ የተመረዘውን ከበላች ደግሞ ልጆቿን በዚያው ትመግባለች።

ሦስተኛውና ትልቁ ይህ ነው። እናንተ ወጣቶች፣ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ አያታችሁን አንድ ነገር ጠይቁ። የወፍ ስም ይሁን፣ የዛፍ ስም ይሁን፣ የተወለዱበት ጎጆ ምን ይመስል እንደነበር ይሁን። እናንተም ወላጆች፣ ይሥቁብናል ብላችሁ ዝም አትበሉን። ምናልባት መጀመሪያ እንሥቅ ይሆናል፤ ልጆች ነን። ግን እንሰማለን። ያን ዓርብ ሕጉን የጠቀስነው እኛ ነበርን፤ ወፏን ያዳኗት ግን እንዲህ ነበርን ብለው የተናገሩት አያት ናቸው።

 ቡናው ከጀርባ፣ ከዛፉ ሥር ተፈልቷል። ከግድግዳው በኩል “ኡፕ፣ ኡፕ፣ ኡፕ” የሚል ከሰማችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩ፤ እንዳታስደነግጧት።